አመድ አፋሽ

በየዓመቱ ኅዳር፣ ዝናቡ ሲጨርስ፣
ካይከል ወዲያ ማዶ፣ ጉድጓዱ ዘንድ ስደርስ፣
እናንየ ድንበሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤
ሰላምታም ሳትሰጠኝ፣ «መሬቴስ?» ትላለች።

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ ጎንደር፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣
ምድጃችን አፈር ይበላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ግሎ።
ሲገባ እመዝነዋለሁ፣ ሲወጣ እመዝነዋለሁ፤
በመሃል የጎደለውን «ሕይወት» ብዬ እጽፈዋለሁ።
ሥርና ቅጠል፣ ፍግ፣ የትል ኩስ፣ የምስጥ ምራቅ፣
እሳት የወሰደው ሁሉ፣ ካርቦን ነው ስሙ ሲጠየቅ።
ተረቱ የተተረተው ለኔ ነው፤
እጄ አመድ አፋሽ ነው፤
በቁሙ። የእውነት አመድ።

ጉድጓዱን ያየ ያውቃል።
ጥቁሩን ካባ ገፈው፣ ጥቁሩን አጥንት ወሰዱ፤
ፋብሪካው ከሰሉን ጠገበ፣ መኪኖቹም ሄዱ።
የቀረው ነጭ ጭንጫ፣ ግማሹ ኩሬ፣ ግማሹ ክምር፤
ጤፍ ቀርቶ እንክርዳድ የማይበቅልበት ምድር።
ቆይቶ ዶዘር መጣ፤ ክምሩን ደለደለ፤
ደሾ ሣር፣ ሰስፓንያ፣ ዋንዛ ተተከለ።
ዘበኛም ተቀጠረ፤ አያ አዛነው፣ ያኔ ሲቆፍር የነበረ፤
ከብት እንዳይገባ ሊጠብቅ፣ በቆፈረው ላይ አደረ።

በመጀመሪያው ዓመት፣ «ዜሮ ነጥብ ሦስት» አልኳት።
«ነጥቡ ምንድን ነው? ይዘራል?» አለችኝ። ዝም አልኳት።
በሁለተኛው፣ ነጥብ አራት። በሦስተኛውም ነጥብ አራት።
«ጥጃ እንኳ ባመቱ ቀንድ ያበቅላል» አለች።
«አፈር ስሆንልህ፣ ዋሸኝ» አለችኝ አንዴ፣ ስቃ፤
አፈር መሆን ስንት ዘመን እንደሚፈጅ አውቃ።

በሰባተኛው ዓመት ቁጥሩ ዘለለ።
ሁለት ነጥብ ስድስት!
በስልክ ነገርኳት፤ እልልታዋ መስመሩን አደነቆረው።
ቢሮ ውስጥ ኬክ ተቆረሰ፣ ሪፖርቱ በቀለም ታተመ፤
ሌሊት ግን አንድ ጥያቄ ጎኔን ቆረጠመ።

ተነሥቼ ናሙናውን በማጉያ መነጽር አየሁት፤
ጥቁር ፍርፋሪ፣ የሚያብለጨልጭ፤ ወዲያው ለየሁት።
ከሰል ነው። ዝናብ ከዳገቱ አጥቦ ያወረደው።
ስም አውጪ ሳይፈጠር የሞተ ዛፍ ነው፣ እሳቴ የወሰደው።
ለምድጃ ያምና ሥርና የጥንት ሬሳ አንድ ነው፤
ያገኘውን ይበላል፤ መቼ ሞትክ አይለው።

ልናዘዝ ሄድኩ፣ በሚኒባስ፣ አቧራ እየበላሁ።
«ቁጥሩ ሬሳ ነበር» አልኳት። «እናንየ፣ ተሳስቻለሁ።»

አልገረማትም። ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ ዘገነች፣
በአውራ ጣቷ ፈትጋ፣ መዳፏን ዘረጋች።
«ይሄ ያጠቁራል፣ በሳሙናም አይለቅ፤ ከሰሉ ነው።
ይሄ ግን እንደ ፍትፍት ይላላል፣ ይሸታል፤ የኔው ነው።
ከዋንዛው ጥላ ሥር ሁለት ጣት ጠልቋል፤
ካንተ ሚዛን ቀድሞ ተረከዜ ያውቃል።»

ሁለት ጣት።
በሰባት ዓመት።

«አሁን» አለች፣ «የወሰድከውን መልስ።»
«ምኑን?»
«በየኅዳሩ አንድ ከረጢት፤ ቆጥሬዋለሁ፤ ሰባት።
እነሱ በዶዘር፣ አንተ በማንኪያ፤
ያው ቆፋሪ ነህ።»
አያ አዛነው ፊቱን ወደ ኩሬው አዞረ።
ትከሻው ግን ይስቅ ነበር።

ጎንደር ተመልሼ መደርደሪያውን ፈተሽኩ፤
ስሟ የተጻፈባቸውን ሰባቱን ከረጢቶች ለቀምኩ፤
የተቃጠለውንም፣ ያፈስኩትን አመድ፣
በወተት ጣሳ ሞልቼ፣ ተነሣሁ ለመንገድ።

ከዋንዛው ሥር ደፋነው፤ አፈሩን ቀድመን፣ አመዱን ኋላ።
እሷ በእግሯ መለሰችው፣ ሕፃን እንደምታለብስ ነጠላ።

ለዘንድሮው መዝገብ ምን እንደምጽፍ አላወቅሁም፤
«ተመለሰ» ብዬ ጻፍኩ።
መስፈሪያ አልጠቀስኩም።